የነከሰው ውሻ የት ይቆይ? የመጠለያ ጤናና እርጋታ ከጎብዬ ሲታይ

በራያ ቆላ ባለችው በጎብዬ ከተማ ባለቤት ያጣ ውሻ ወይም ድመት የሚቆይበት መጠለያ የለም። በቆቦም የለም፤ በሮቢትም የለም። «ታዲያ ስለሌለ ነገር ምን ዳሰሳ ይጻፋል?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። መጠለያው ባይኖርም ግን ውሻው አለ፤ ድመቷም አለች። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ በሥጋ ቤት ደጅ፣ ቆሞ ባደረ አይሱዙ ሥር ጥላ ፈልጎ የተኛውን ውሻ በአዘቦት ቀን ማንም ልብ አይለውም። አንድ ቀን ሰው ሲነክስ ግን ባለጉዳዩ ይበዛል፤ የተነከሰው ሰውና ቤተሰቡ፣ ጤና ጣቢያው፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ማዘጋጃ ቤቱ። ያን ጊዜ መልስ የሚያጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ውሻ እስኪለይለት የት ይቆይ?

ሌላው ዓለም ስለ ውሻና ድመት መጠለያ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ተምሯል፤ የተማረውም በአብዛኛው ከጥፋቱ ነው። ከዚያ ውስጥ ለራያ ቆላ የሚሆነውን መለየት ይቻላል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ መጠለያ ውስጥ ጤናና እርጋታ አይነጣጠሉም። የተረበሸ እንስሳ ይታመማል፤ የታመመው ሌላውን ይበክላል፤ ብዛት ደግሞ ሁሉንም ይረብሻል። ስለዚህ ለጎብዬ የሚበጃት ጥቂት እንስሳ ለጥቂት ቀን የሚያርፍባት ትንሽ ስፍራ ናት። ሰፊ ግቢ አጥሮ ውሻ ማጎር ከሆነ ሐሳቡ፣ ባይጀመር ይሻላል።

ባለሥራው ውሻ፣ ባለሥራዋ ድመት

በራያ ውሻን ለጌጥ የሚይዝ ብዙ አይደለም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚያባርረው፣ ሌሊት ጅብ በረቱን ሲጠጋ ቤተሰቡን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ድመትም እንጀራዋን ሠርታ ነው የምትበላው። ማሽላን በጎተራ ወይም በጉድጓድ የሚያኖር ቤት አይጥን ያለ ድመት አይችላትም። (አቀንጭራን የሚቋቋም «ጎብዬ» የሚባል የማሽላ ዝርያ መኖሩን ግብርና ያጠና ያውቃል። አገሩ የማሽላ አገር ነው፤ የማሽላ አገር ደግሞ የአይጥ አገር ነው።)

ደመወዛቸው ፍርፋሪና አጥንት ነው፤ የጎደለውን ራሳቸው ዞረው ይሞላሉ። አንዱ ውሻ ማለዳ ከሥጋ ቤቱ፣ ቀትር ላይ ከምግብ ቤቱ፣ ማታ ደግሞ ከጌታው ደጅ ይገኛል። ለንደን ላይ ብቻውን የሚዞር ውሻ ቢገኝ ጠፍቷል ወይም ተጥሏል ማለት ነው። ጎብዬ ላይ ወደ ሥራው እየሄደ ሊሆን ይችላል። ይህንን ሳይለዩ ከመንገድ የተገኘውን ሁሉ ማፈስ የድሃ ቤት ዘበኛን መውሰድ ነው። የመጠለያ ነገር ከውጭ አገር እንዳለ ተቀድቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚስተው ይህ ነው።

እስላምና ክርስቲያኑ አብሮ በሚኖርበት በራያ ሃይማኖቱም የራሱ ቃል አለው። ክርስቲያኑ ውሻን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያርቃል፤ ሙስሊሙ የውሻ ምራቅ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱንም በአፈር ያጥባል። ከዚህ ተነስቶ «ሕዝባችን ለእንስሳ አይራራም» የሚል ሰው ግን ግማሹን ብቻ ነው የሰማው። ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ምሕረት ማግኘቱን የሚናገረው ሐዲስ በየመስጊዱ ይነገራል። ድመት አስራ፣ ሳታበላት፣ ፈልጋ እንድትበላም ሳትለቃት የገደለች ሴት ስለ መቀጣቷም እንዲሁ። በመጽሐፈ ጦቢትም ልጁ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ተከትሎት ይሄዳል። የድመቷን ነገር ልብ ይሏል፤ የሴትዮዋ ጥፋት ማሰሯ ብቻ አልነበረም፤ አስራ አለመንከባከቧ ነው። መጠለያ ለመክፈት የሚያስብ ሁሉ ከበሩ ላይ ቢጽፈው አይከፋም።

መርዙ ለምን አልሠራም

በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ በስፋት ስለመከሰቱ የተመዘገበው የመጀመሪያው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1903 ነው፤ አፄ ምኒልክ በነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው። በኋላ በፓስተር ስም የተቋቋመው ተቋም፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀውን የቆየ ዓይነት ክትባት ለአሥርት ዓመታት ሲያመርት ኖረ። ያንን ክትባት የወሰደ ሰው ሆዱ ላይ ቀን በቀን የተወጋውን መርፌ አይረሳውም። በዓለም በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን የሚያስይዘው ውሻ ነው። ለኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት በዓመት 2,700 ገደማ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ማዘጋጃ ቤቶች የኖሩበት መልስ መርዝ ነው። ሥጋ ውስጥ ስትሪክኒን ከትቶ ሌሊት መበተን፤ ጠዋት ሬሳ በጋሪ መሰብሰብ። ጭካኔው ለብቻው ይቅርና፣ ሥራውንም አይሠራም። ጠንካራው ምስክር ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች የመጣው ነው። በፍሎሬስ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ1997 ገባ፤ የደሴቱ ውሾች ግማሽ ያህሉ ተገደሉ፤ በሽታው ግን አልወጣም። በባሊም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲነሳ መጀመሪያ የተደረገው ግድያ ነበር፤ ቁጥሩ የወረደው በ2010 ደሴቱን ያዳረሰ ክትባት ከተጀመረ በኋላ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምግቡና ቆሻሻው ባለበት ስላለ የሞቱትን ውሾች ቦታ ሌሎች ይሞሉታል፤ የሚተኩትም ወጣትና ያልተከተቡ ናቸው። የተከተበውም ከተገደለ ደግሞ ክትባቱም አብሮ ተቀበረ።

የሚሠራው ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶውን በየጊዜው መከተብ ነው። የቻድ ዋና ከተማ ንጃሜና እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ይህንኑ አድርጋ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉን ለወራት አቋርጣዋለች፤ ኋላ ከውጭ ተመልሶ ገባባት። ከእኛ ይልቅ የበለጸገች ከተማ አይደለችም። በአገራችን ልማድ ግን ዘመቻው የሚታሰበው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

አሥር ቀን

ለጎብዬ ትልቁ ነጥብ ይህ ስለሆነ ረዘም ላድርገው።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ወደ ውሻ ወይም ወደ ድመት ምራቅ የሚወጣው በሽታው መገባደጃው ላይ ሲደርስ ነው። የነከሰው እንስሳ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ከነበረ በአሥር ቀን ውስጥ ምልክት ያሳያል፤ ይሞታልም። በአሥረኛው ቀን ደኅና ሆኖ ከበላና ከጠጣ፣ በነከሰ ጊዜ አላስተላለፈም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ክትባቱን ወዲያው ይጀምራል፤ ውሻው ደኅና ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ ሊያቋርጥለት ይችላል። እያንዳንዱ ክትባት ገንዘብ ነው፤ ከገጠር ቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ መመላለሱ ደግሞ የሥራ ቀንና የትራንስፖርት ወጪ ነው። አሥር ቀን በደኅና የታሰረ ውሻ ለአንድ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ ማስላት ይቻላል።

እኛ ዘንድ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ውሻው ነክሶ ሳይርቅ በዱላና በድንጋይ ይገደላል። ከተገደለ በኋላ እውነቱን ለማወቅ ያለው መንገድ አንጎሉን መመርመር ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ጭንቅላቱ ሳይደቅቅ፣ በበረዶ ተይዞ፣ ሳይበሰብስ ከላቦራቶሪ መድረስ አለበት። አዲስ አበባ ከጎብዬ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የራያን ሙቀት ለሚያውቅ የቀረውን መናገር አያሻም። በድንጋይ የተፈጨ ጭንቅላት ለማንም ምንም አይነግርም።

እንግዲህ ጎብዬ የሚያስፈልጋት የመጀመሪያው መጠለያ ይህ ነው፤ የአሥር ቀን ማቆያ። ሦስት ወይም አራት ክፍል ይበቃል። ወለሉ ሲሚንቶ ሆኖ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ ሽንቱና የታጠበበት ውሃ ተጠርጎ የሚወጣበት። እያንዳንዱ ክፍል በመካከሉ ከላይ ወደ ታች በገመድ የሚወርድ መዝጊያ ይኑረው። ውሻው በአንዱ ወገን ሲሆን መዝጊያው ይወርዳል፤ ሠራተኛው ባዶውን ወገን ያጥባል፣ ምግብና ውሃ ያኖራል፣ ከዚያ ከውጭ ሆኖ ገመዱን ይስባል። በአሥሩ ቀን ውስጥ እጁ ከውሻው አፍ አጠገብ የሚደርስበት አጋጣሚ የለም። የውሃው ሳህን ከግድግዳው ጋር በሽቦ ይታሰራል፤ የሚንጎራደድ ውሻ የሚደፋው መጀመሪያ ውሃውን ነውና። በር ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም። የውሻው ቀለም፣ የተያዘበት ቀን፣ ማንን እንደነከሰ በደብተር ይጻፋል፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በላ አልበላ፣ ጠጣ አልጠጣ፣ ድምፁ ተለወጠ አልተለወጠ ይመዘገባል።

እርጋታ እዚህ ላይ የቅንጦት ነገር እንዳልሆነ ይታያል። የእብደት ምልክት ተብለው የሚፈለጉት የጠባይ ለውጦች ናቸው፤ ምግብ መተው፣ ያለ እረፍት መዞር፣ አጥርና ድንጋይ መንከስ፣ የድምፅ መጎርነን፣ ጨለማ ፈልጎ መደበቅ። አሁን አንድ ጤነኛ ውሻ ፀሐይ በሚያቃጥለው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ይዘጋ፤ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ እንጨት ይስደዱበት፤ ከፊቱ ሌላ ውሻ ሲጮህበት ይዋል። በማግስቱ ምግብ ይተዋል፤ ይዞራል፤ አጥር ይነክሳል፤ ሲጮህ ውሎ ድምፁ ይጎረንናል። ደብተሩ ላይ «አብዷል» ተብሎ ይጻፋል። የተረጋጋ ውሻ ብቻ ነው ጠባዩ የሚነበበው። ስለዚህ ጥላው፣ ዝምታው፣ ከፊት ለፊት የሚጋርደው ማዳበሪያ ወይም ሰሌን የምርመራው ዕቃዎች ናቸው።

ሌላም አለ። ሁሉም አይናከስም። በዝምታ የሚያብድ ውሻ አለ፤ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ብዙ ሰው በዚህ ሳያውቀው ተጋልጧል። አፉ የማይዘጋ ውሻ ወይም ድመት ካዩ እጅዎን ይሰብስቡና የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

በሽታው በበሩ ይገባል

ከአሥሩ ቀን አልፎ እናቱን ያጣ ቡችላ፣ መኪና የገጨው፣ ተጥሎ የተገኘ ይቀመጥ ከተባለ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው። የመጠለያ ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ የወጣው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ፣ በተለይም ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ነው። የአሜሪካ የመጠለያ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያውን በ2010 አወጣ፤ በ2022 አደሰው። በመመሪያው ውስጥ የጎላው ቁም ነገር ለመስማት ቀላል ነው፤ መንከባከብ ከምትችለው በላይ አትቀበል።

ከቡችሎች ገዳይ አንዱ ፓርቮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በውሾች ላይ ታወቀ፤ በጥቂት ጊዜም ዓለምን አዳረሰ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት ያመጣል፤ መሬት ላይ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ብዙው የማጽጃ ፈሳሽ አይነካውም። በረኪና ግን ይገድለዋል፤ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ ሁለት እጅ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ወለሉን አርሶ ከቆየ። ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። ዓይነ ምድሩና ቆሻሻው አስቀድሞ በሳሙና ተፈግፍጎ ካልወጣ በረኪናው ይከሽፋል። የተበጠበጠው ደግሞ ኃይሉ አይቆይም፤ በቆላ ሙቀትና ፀሐይ ይብሳል፤ በየማለዳው አዲስ መበጥበጥ ነው። በጀሪካን በጥብጦ ለሳምንት ማኖር ውሃ መርጨት ነው።

የጽዳቱ ቅደም ተከተልም መድኃኒት ነው። ከጤነኞቹ ቡችሎች ይጀመራል፤ ጤነኞቹ ትልልቆች ይከተላሉ፤ አዲስ የገቡት ቀጥሎ፣ የታመሙት በመጨረሻ። መጥረጊያውና ባልዲው ለየክፍሉ የተለየ ይሁን። ብዙ ጊዜ በሽታውን ከክፍል ክፍል የሚያዞረው የሠራተኛው ቦት ጫማ ነው። ክትባቱ ደግሞ እንስሳው በገባበት ሰዓት ይሰጣል፤ ነገ ማለት እዚህ ላይ ዘግይቷል ማለት ነው። በእኛ የወረዳ ክሊኒክ የውሻ ክትባት ሲባል ስሙ የሚነሳው የእብድ ውሻው ነው፤ የፓርቮና የሌላው የውሻ በሽታ፣ የዲስቴምፐር፣ ክትባት በገጠር አይለመድም። ቡችላ ሰብስቦ ለማኖር የሚያስብ ሰው ክትባቱን ከየት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ካላወቀ ባይሰበስብ ይሻላል። በየመንገዱ ተበትነው ቢሆን ሁለቱን የሚይዝ በሽታ አንድ ግቢ ሲገቡ ሁሉንም ይጨርሳል።

መዥገሩ፣ ቁንጫው፣ እከኩ በራያ የታወቀ ነው፤ አላቆይበትም። ስለ ሥጋ ቤቱ ግን አንድ ነገር ልበል። የትል ፊኛ የሞላው የከብት ሳንባና ጉበት ለውሻ ሲወረወር የትሉ ዑደት ይሟላል፤ ውሻው ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ ወደ ከብቱም ወደ ሰውም ጉበት ይመለሳል። ቄራው ያንን ሥጋ ቢቀብር ወይም ቢያቃጥል፣ ውሻውም በየጊዜው ፕራዚኳንቴል የተባለው የትል መድኃኒት ቢሰጠው ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ድመቷና ካርቶኗ

ድመት መጠለያ ስትገባ አትጮህም። ስለማትጮህም «ለምዳለች» ትባላለች። እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ ጥግ ይዛ፣ አራት እግሯን ከሥሯ ሰብስባ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ወይም የተኛች አስመስላ የምትቀመጥ ድመት ፈርታ ነው። ብዙ ድመቶች ገና በግልገልነታቸው የያዛቸው የሄርፒስ ቫይረስ በውስጣቸው ተኝቶ ይኖራል። ፍርሃት ሲበረታ ይነቃል፤ ሳምንት ባልሞላ ወይም በትንሹ ባለፈ ጊዜ ውስጥ ማስነጠስ፣ የዓይን መቅላት፣ ንፍጥ ይጀምራል። አፍንጫዋ የተደፈነ ድመት የምግብ ሽታ ስለማይደርሳት አትበላም፤ ድመት ደግሞ ብዙ ቀን ሳትበላ መቆየት ጉበቷን ይጎዳዋል። ያንን ቫይረስ የሚቀሰቅሰው ረብሻው ስለሆነ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ረብሻውን ማንሳት ነው።

እንዴት? መልሱ የሳሙና ወይም የማካሮኒ ካርቶን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት መጠለያ ውስጥ አዲስ ከገቡ 19 ድመቶች ለከፊሎቹ መደበቂያ ካርቶን ሰጣቸው፤ ለሌሎቹ አልሰጠም። ካርቶን ያገኙት በሦስተኛው ቀን ገደማ ረግበው ታዩ፤ ያላገኙት ብዙ ዘገዩ። የሚሠራውም ቀላል ነው። ካርቶኑ በጎኑ ይተኛና ድመቷ የምትገባበት ቀዳዳ በአንድ ወገን ይቆረጣል፤ ጣሪያው ላይ ወጥታ እንድትቀመጥም ጠንካራ ይሁን። ምግቧ በአንዱ ጥግ፣ መጸዳጃዋ በሌላው፤ ከጎሊና ወንዝ ዳር የመጣ ንጹሕ አሸዋ ይበቃል፤ ወጪ የለውም። በየቀኑ ሁሉን አውጥቶ በበረኪና ማጠብ ለእሷ በየቀኑ ቤት መቀየር ነው፤ የራሷ ሽታ ይጠፋባታል። የቆሸሸውን ብቻ ማንሳት፣ ጨርቋን መተው። ድመትና ውሻ ደግሞ አይተያዩ፤ ቢቻል አንዱ የሌላውን ድምፅ አይስማ። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚባለው ለነቀፋ ቢሆንም ለመጠለያ ሠሪ ምክር ነው፤ ዓመሏን የሚያውቅ ሰው ቤቷን ለዓመሏ ይሠራል።

የውሻው ረብሻ በሌላ መንገድ ይመጣል፤ በጆሮው። በሲሚንቶና በቆርቆሮ የተሠራ የውሾች ቤት ውስጥ የጩኸቱ መጠን ከ100 ዴሲቤል እንደሚያልፍ ተለክቷል፤ አንዱ ሲጀምር ሁሉም ይቀጥላል። የሰሜን አየርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 የክላሲክ ሙዚቃ ሲከፈት ውሾቹ ይበልጥ እንደሚያርፉ፣ በሄቪ ሜታል ጩኸታቸው እንደሚብስ አሳዩ። በኋላ የስኮትላንድ ጥናት እንዳመለከተው አንዱን ዓይነት ደጋግሞ ማሰማት ይሰለቻቸዋል፤ ሲቀያየር ይሻላል። በአንቺ ሆዬም በባቲም የሞከረ ጥናት ገና አላየሁም፤ ጎብዬ ላይ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ የሚሞክር ቢኖር ደስ ይለኛል። ከሙዚቃው ሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው እጅ ነው። ለሃያ ደቂቃ ያህል ዝግ ብሎ የደባበሰው ሰው ያገኘ ውሻ የጭንቀት ሆርሞኑ እንደሚቀንስ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ታይቷል። አንድ ሁለት ሌሊት በሰው ቤት ያደሩ የመጠለያ ውሾችም እንዲሁ፤ ወደ መጠለያው ሲመለሱ ጭንቀቱ አብሮ ይመለሳል። (ይህ ለአሥር ቀን ከሚጠበቀው ውሻ ውጭ ነው፤ እሱን ማንም አይነካውም።)

የቆላው ሙቀት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ውሻ እንደ ሰው አያልብም፤ የሚበርደው በማለክለክ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ንፋስ የተዘጋ ውሻ በአንድ ከሰዓት ሊሞት ይችላል። ከቆርቆሮው ሥር የሣር ወይም የአገዳ ክዳን መደረብ፣ ግድግዳውን ግማሹን ብቻ ገንብቶ ከላይ በሽቦ መተው፣ ግራር ካለ ከግራሩ ሥር መሥራት፤ ይህን የራያ አናጺ ከማንም በተሻለ ያውቀዋል። የማሽላ ማማ የሚሠራ ሰው ስለ ጥላና ስለ ንፋስ ማንም አያስተምረውም።

ቁጥሩ ሲበዛ

ለማጽዳትና ለማብላት ብቻ ለአንድ እንስሳ በቀን 15 ደቂቃ እንደሚያስፈልግ የሙያው መለኪያ ያስቀምጣል። ስምንት ሰዓት የሚሠራ አንድ ሰው ሌላ ምንም ሳይሠራ፣ ሳያርፍ፣ 32 ያደርሳል። ሰውም ገንዘቡም ቢገኝ እንኳ ቁጥሩ መጠለያን እንዴት እንደሚውጠው ቱርክ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ የወጣው ሕግ ማዘጋጃ ቤቶች የጎዳና ውሾችን ወደ መጠለያ እንዲሰበስቡ አዘዘ። በዚያ ጊዜ የአገሪቱ የጎዳና ውሾች አራት ሚሊዮን ገደማ ተብለው ይገመቱ ነበር፤ መጠለያዎቹ የሚይዙት 105,000 ያህል ነበር። ቡታን በሌላ መንገድ ሄደች። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምራ ውሾቿን እየያዘች፣ እያመከነች፣ እየከተበች ወደነበሩበት መለሰች፤ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ሁሉንም እንዳዳረሰች አስታወቀች፤ ከ150,000 በላይ ውሻ ነው። ከሁለቱ ለራያ የሚቀርበው የቡታኑ ነው፤ ውሻው ወደ ሥራው ይመለሳልና።

በአገራችን ለአንበሳና ለአቦሸማኔ በሆለታ አቅጣጫ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማዕከል አለ። ለአህያም በቢሾፍቱ የታወቀ ድርጅት ሲሠራ ኖሯል። ለውሻና ለድመት ያለው በአዲስ አበባ በጥቂት ደጋጎች ትከሻ ላይ የቆመ ሥራ ነው። እነሱን ማመስገን ይገባል፤ ግን አንድ ደግ ሰው ግቢ ውስጥ ሁለት መቶ ውሻ መታጎሩ እንደ መፍትሔ መታየት የለበትም፤ ከላይ ያለውን የደቂቃ ስሌት ያየ ይፈርደዋል።

ለራያ የሰሜኑ ጦርነትም ዕዳ አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ሕዝቡ ቆቦንና ጎብዬን ጥሎ ሲወጣ ውሻ ጭኖ የሸሸ የለም። የቀሩት በራሳቸው ኖሩ፤ ተዋለዱ። በላያችን ደግሞ ተራራው አለ። በአቡነ ዮሴፍና በአቦይ ጋራ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በመላ አገሪቱ አምስት መቶ የማይሞላ ፍጥረት ነው፤ በባሌ ደጋግሞ የፈጀው በሽታ ከውሻ የተሻገረ የእብድ ውሻና የዲስቴምፐር በሽታ ነው። በዚያ የቀበሮ ጥበቃ ሠራተኞች የገበሬውን ውሻ ይከትባሉ፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በባሌ ለቀበሮዎቹም ከሥጋ ጋር የሚዋጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል። የቆላው ውሻ ካልተከተበ የደጋው ቀበሮ አይተርፍም።

ለእናት አልባ ቡችላና ግልገል ደግሞ ወሎ የራሱ ዘዴ አለው። ላም በርቢ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የተከተበ ቡችላ ለአንድ ቤት በአደራ ሊሰጥ ይችላል፤ የእንስሳት ክሊኒኩ ክትባቱንና የትል መድኃኒቱን ይችላል፤ ቤቱ ያሳድጋል፤ ሲያድግ ዘበኛው የዚያው ቤት ይሆናል። መቶ ውሻ በአንድ ግቢ ከማኖር በመቶ ግቢ አንድ አንድ ማኖር ለጤናም ለእርጋታም የሚሻል መሆኑን ከላይ ያየነው ጥናት ሁሉ ይደግፈዋል።

ለቆቦ ወረዳ ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች፣ ለጎብዬ ማዘጋጃ ቤትም የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ አራት ክፍል የአሥር ቀን ማቆያ አብራችሁ ሥሩ፤ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ሲመጣ በስብሰባ ከማለፍ ውሻ ክተቡ። ለአንባቢም አንድ ቃል፦ ውሻ ወይም ድመት ከነከሰዎ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረሱ፤ እንስሳውን በደኅና መያዝ ከተቻለ እንዳይገደል ያስጥሉና አሥሩን ቀን ያስጠብቁት።